ብረት ገብቶበታል የተባለው እጅ

የማንኪያ ግራ እጅ ውስጥ ብረት አለ ይባላል።

ወሬው ካፌው በረንዳ ላይ ሲደርስ ገና ትንሽ ነበር። ማንኪያ የምንለው ጸጉር አስተካካያችን ከብስክሌት ወደቀ፣ የእጁ አንጓ ተሰበረ፣ ሐኪሙ አንዲት ብሎን አስገባለት፤ በቃ። የታዘዘው ማኪያቶ ሳይቀርብ ብሎኗ ዘንግ ሆነች። ከሰዓት በኋላ ዘንጉ የአውሮፕላን ክንፍ ከሚሠራበት ብረት የተቆረጠ መሆኑ ተረጋገጠ። በማግስቱ የባንኩ በር ላይ ያለው መፈተሻ እሱ ባለፈ ቁጥር እንደሚጮህና ጥበቃው ተስፋ ቆርጦ ጆሮውን በጥጥ እንደደፈነ ተሰማ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ማንኪያ በብረታ ብረት መሸጫው ፊት ሲያልፍ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሚስማሮች በሙሉ አንገታቸውን አዙረው እንደሚያዩት የሚምል ሰው ተገኘ። የሚምለው ባለሱቁ ራሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሚስማር ሊያይ የሚመጣ ሰው በዝቶለታል።

ወሬው ከመሬት ተነሥቶ አልመጣም። የጎልፍ ዱላ በያዘ ቁጥር ኳሱን ለኩሬ ሲመግብ የኖረው ማንኪያ፣ በዘንድሮው የሰፈር ነጋዴዎች የጎልፍ ዋንጫ ባለሉካንዳውን አሸነፈ። ይህን ነገር ያለ ብረት ላስረዳ ያለ ሰው ሁሉ መሐል ላይ ሲደርስ ቃል ያጥረዋል።

ለእኔ ግን ወሬው አልዋጥ ብሎኛል። መጀመሪያ ነገር ሐኪሙ ራሱ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አንዱ ሲያወራው አጭር ነው፣ ሌላው ሲያወራው ጎንበስ ካላለ በበር አያልፍም፣ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሴት ይሆናል። ብስክሌቱም እንደዚያው። ማንኪያ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ያየው የለም፤ ከሱቁ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ አንድ ጊዜ ቢያስነጥሱ የሚያልቅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወሬውን ማን ጀመረው ሲባል ጣቶች በሙሉ ወደ ሉካንዳው ይጠቁማሉ። ባለሉካንዳው ለዚህ ወሬ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱ ከአፍንጫው ሥር በቅሎ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

የማንኪያ ጸጉር ቤት ጠባብ ናት። ሁለት ወንበሮች፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሄድ መስተዋት፣ ብርጭቆ ውስጥ የተነከሩ ማበጠሪያዎች፣ አንዱ ክንፉ ስለላላ ሲዞር የሚያቃስት ማራገቢያ። ከመጋረጃው ወዲያ ሚስቱ የሴቶቹን ጸጉር ትሠራለች፤ መጋረጃው ስስ ስለሆነ የወንዶቹ ወሬ ወደ ሴቶቹ፣ የሴቶቹ ሳቅ ወደ ወንዶቹ ያልፋል። ከበሩ በላይ አባቱ በገዛ እጃቸው ከእንጨት ጠርበው ቀይ ቀለም የቀቡት ትልቅ መቀስ ተሰቅሏል። አባትየው ካለፉ ቆይተዋል፤ መቀሱ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ሰው «መቀሱ ጋ እንገናኝ» ብሎ ይቀጣጠራል፣ እቃ የሚያደርስ ሹፌር «መቀሱን አልፈህ» ተብሎ ይነገረዋል፣ መንገድ የጠፋበት እንግዳ መቀሱን ሲያይ ይተነፍሳል።

ማንኪያ በቶንዶስ ተወዳዳሪ የለውም። ከማጅራት ይነሣና ጸጉሩን እያሳሳ እያሳሳ ወደ ላይ ይወጣል፤ የት ላይ አልቆ የት ላይ እንደጀመረ የሚያውቅ ዓይን የለም። ምስጢሩ አንጓው ውስጥ ነው። ቶንዶሱ ከጆሮው ከፍ ሲል የእጁን አንጓ ወደ ውጭ ቀለስ አድርጎ ጸጉሩን ጨለፍ ያደርገዋል፤ ልክ ከድስት ሾርባ እንደሚያወጣ ሰው። ይህቺን መጨለፍ ሠላሳ ዓመት ሠርቷታል። በእንቅልፉም ይሠራታል ትላለች ሚስቱ፤ ብርድ ልብሱ በየጠዋቱ መሬት ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው ብላ።

ጸጉር ቤቶች ሰኞ ስለሚዘጉ ሰኞ ሰኞ ከከተማው ዳር ወዳለው የጎልፍ ሜዳ ይሄዳል። አገር ለቆ የሄደ አንድ ደንበኛ ያረጁ ዱላዎቹን ከነቦርሳቸው ትቶለት ነበር። ሜዳው ትንሽ ነው፤ ሣሩ እዚህ ይበዛል፣ እዚያ ይሳሳል፤ መጨረሻው ላይ ባንዲራው ካለበት ለስላሳ ሣር ፊት ለፊት አንዲት ኩሬ ተኝታለች። ጉዱ የፈላውም እዚህ ነው። ማንኪያ ኳሷ መሬት ላይ ተጋድማ ሲያያት ሆዱ ይባባል። ማን ያነሣታል ይላል። ስለዚህ ዱላው ኳሷ ጋ ሊደርስ ሲል አንጓውን ቀለስ አድርጎ ከሥሯ ሊጨልፋት ይሞክራል። እጆቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ የዱላው ጫፍ ቀድሟቸው ያልፋል። ከዚያ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መሬቱን ከኳሷ ኋላ ይቆፍርና ኳሷ እንቅልፏን ትቀጥላለች፣ ወይ የዱላው ጠርዝ አናቷን ይልና እንደ አይጥ በሣሩ ላይ እየሮጠች ኩሬዋ ውስጥ ትገባለች። በዚያች ኩሬ ውስጥ ያሉት የማንኪያ ኳሶች ቢቆለሉ ኩሬዋ ተራራ ትሆን ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ባለሉካንዳው ነው፤ በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰው፣ በወሩ ሚስቱም ለመደችው።

የሜዳው አሠልጣኝ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ማንኪያን ለዓመታት አስተምሮ ጸጉሩ አለመሸበቱ ብቻ ለምስክርነት ይበቃዋል። የሚለው ነገር ተለውጦ አያውቅም። ኳሷን አንተ አታንሣት፤ የዱላው ፊት ተጋድሞ የተሠራው እሱ እንዲያነሣት ነው። አንተ ዱላው ከመድረሱ በፊት እጅህን ከኳሷ አስቀድም፣ የግራ እጅህ አይበሉባ ወደ ባንዲራው ይይ፣ ወደ ታች ምታ፣ ሣሩን ከኳሷ በኋላ ቁረጥ። መነሣት የሷ ጉዳይ ነው። ማንኪያ ሁልጊዜ ገብቶኛል ይላል፤ እውነትም ገብቶታል። እጁ ግን የጸጉር ቤት ሠራተኛ እንጂ የአሠልጣኙ ተማሪ አይደለም።

ባለሉካንዳው ሌላ ነው። ሙያው ራሱ ወደ ታች መምታት ነው፤ ግንዱ ላይ አጥንት እንደሚከፍል ሰው ኳሷን ይላታል፣ ኳሷም ፈርታ ትሄዳለች። ዋንጫው ሱቁ መደርደሪያ ላይ ቤት ሠርቶ ነበር። ሪዙ ደግሞ ከዋንጫው ይበልጥ የታወቀ ነው። ካፌ ሲገባ ሪዙ ቀድሞ ወንበር ይይዝለታል፤ ነፋስ ባለበት ቀን ወደ ጎን ስለሚወስደው በግድግዳው ጥግ ይሄዳል። በሰም ያሾለዋል፣ ለጫፎቹ የተለየ ብሩሽ አለው፣ ማንም ጸጉር አስተካካይ እንዲነካው ፈቅዶ አያውቅም።

አምና ማንኪያ በሰው ሁሉ ፊት የመጨረሻዋን ኳስ ኩሬዋ ውስጥ ከጨመራት በኋላ በረንዳው ላይ ተሰብስበን ነበር። ባለሉካንዳው ዋንጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሪዙን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ካሳረፈ በኋላ ንግግር ጀመረ።

«አንተ ማንኪያ፣ አባትህ ያን መቀስ የሰቀሉት ያንተን ጨዋታ ሳያዩ ነው» አለው። «በሚመጣው ዓመት ከተሸነፍክ መቀሱ ይውረድና ማንኪያ ይሰቀል። ሰው ምን ቤት እንደሚገባ ይወቅ።»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ማንኪያ እስከዚያ ድረስ በቅጽል ስሙ ተቀይሞ አያውቅም፤ አባቱ ሲነሡ ግን ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተዘጋ።

«ካሸነፍኩስ?»

«ካሸነፍክማ ያንተው ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ሪዝ ትላጨኛለህ።»

«በምላጭ።»

«በፈለግከው። በጥርስህም ቢሆን።»

ተጨባበጡ። ነገሩ በዚያው ይረሳል ብለን ነበር፤ ባለሉካንዳው ግን ሊያስረሳው አልፈለገም። ቆርቆሮ ሠሪውን አዞ የሰው ቁመት የሚያህል ማንኪያ አሠራና ከሉካንዳው መስኮት ጀርባ፣ ከተሰቀሉት ጭኖች ጎን አቆመው። ሉካንዳው ከጸጉር ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትዞር ማንኪያው ብርሃኑን ተቀብሎ መንገዱን አሻግሮ ቀጥታ ወደ ጸጉር ቤቱ መስተዋት ይልከዋል። በዚያ ዓመት ከሰዓት በኋላ የተስተካከሉ ደንበኞች ሁሉ አንድ ጉንጫቸው ጠቁሯል።

በዚህ ላይ አማቱ አሉ። አማቱ ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ ናቸው፤ ዛሬም ሰው ሲናገር ማቋረጥ ከፈለጉ መዳፋቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሰውም ይቆማል። ስለ ውርርዱ ሲሰሙ መዳፋቸውን ከፍ አደረጉና ልጃቸውን የሰጡት ለመቀስ ቤት እንጂ ለማንኪያ ቤት አለመሆኑን፣ ቆርቆሮ በተሰቀለበት በር ገብተውም እንደማይላጩ አስታወቁ። ከዚያ መዳፋቸውን አወረዱ፣ ትራፊኩም ቀጠለ።

ማንኪያ መጀመሪያ የያዘው መንገድ የባሰ ነበር። አንጓው ጥፋተኛ ከሆነ ጭራሹን አይንቀሳቀስ ብሎ እጁን እንደ ሲሚንቶ ድርቅ አድርጎ ይመታ ጀመር። ኳሷ መጨለፏ ቀረ፤ አሁን ወደ ቀኝ እየጠመዘዘች አጥር ትዘላለች። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የመኪና እጥበት ቤት ሠራተኞች ሰኞ ሰኞ ባልዲ ደፍተው መሥራት እንደጀመሩ ይወራል። አሠልጣኙ እጅህን ማድረቅ አላልኩህም፣ ማስቀደም ነው ያልኩህ ይለዋል። ማንኪያ ሁለቱ ምን ልዩነት እንዳላቸው አልታየውም። ቤት ሲገባም በመጥረጊያው ይለማመዳል፣ አምፖል ይሰብራል፣ አዝኖ ይተኛል፤ ብርድ ልብሱም እንደልማዱ መሬት ላይ ያድራል።

ነገሩ የተፈታው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አማቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይላጫሉ፤ በማሽን አይሆንም፣ በምላጭ ነው። ማንኪያ በዚህ ዓለም የሚፈራው ሰው አንድ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተጋድሞ፣ አንገቱን ገልጦ፣ አረፋ ተቀብቶ ዓይኑን ጨፍኗል። ማራገቢያው እንኳ ማቃሰቱን የተወ መሰለ። ምላጩ ከአገጭ ሥር ተነሥቶ በጉሮሮው እብጠት ላይ ሲያልፍ መጋረጃው ተገለጠና ሚስቱ ብቅ አለች፤ በእጇ የጸጉር ማድረቂያ፣ ከኋላዋ ግማሽ ጸጉሯ የተጠቀለለ ደንበኛ።

«አንተ፣» አለችው ቀስ ብላ፤ «ይህ እጅ የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? የኔ።»

«አይደለም። ያንተን እጅ አውቀዋለሁ። ቶንዶስ ሲይዝ ይጨልፋል፣ ቀለም ሲቀባ ይጨልፋል፣ ሰው ሲሰናበት እንኳ ይጨልፋል። አባቴ አንገት ላይ ብቻ ነው ጨዋ የሚሆነው።»

ሽማግሌው አረፋው ውስጥ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «አንገቴ ላይ ቆማችሁ አትከራከሩ» አሉና መልሰው ጨፈኑት።

ማንኪያ መስተዋቱን አየ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስተዋት ፊት ቆሞ ሲሠራ የሰውን ራስ እንጂ የራሱን እጅ አይቶ አያውቅም። ግራ እጁ ቀድሞ ቆዳውን ይወጥራል። ቀኙ ይከተለዋል። ክንዱ ይጓዛል፤ አንጓው ግን የያዘውን ማዕዘን እንደያዘ፣ ሳይደርቅም ሳይታጠፍም በጉሮሮው ላይ ያልፋል። ካለፈ በኋላ፣ ምላጩ ትከሻው ላይ ወዳለው ፎጣ ሲሄድ፣ ያኔ ብቻ ዞር ይልና አረፋውን ይጠርጋል። ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ጨለፍ ቢያደርግ ኖሮ ሚስቱ ያለ አባት፣ እሱም ያለ ሚስት በቀረ። ለካስ እጁ አሠልጣኙ የሚለውን ነገር ሲሠራው ኖሯል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ በፍርሃት።

«አባባ፣» አለ ማንኪያ፤ «እባክዎ አይንቀሳቀሱ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው።»

ሽማግሌው በዚያ ጠዋት ደጋግመው ተላጩ። ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሕፃን ተረከዝ ሆኖ ነበር።

ሰኞ ለአሠልጣኙ ነገረው። አሠልጣኙ አልሳቀም፤ ጉሮሮ ጥሩ ነገር ነው አለ፣ እኔ ለዚህ የሚሆን ጉሮሮ ስፈልግ ነው የኖርኩት። ከዚያ ከማንኪያ ደረት ኪስ ማበጠሪያውን መዘዘና ከግራ እጁ ሰዓት ማሰሪያ ሥር አስገባው፤ ግማሹ ክንዱ ላይ፣ ግማሹ አይበሉባው ላይ እንዲተኛ። አሁን ምታ አለው። ማንኪያ መታ፣ እንደልማዱ ጨለፈ፣ የማበጠሪያው ጥርሶችም አይበሉባውን ነከሱት። ዘለለ። ነገሩ በጭንቅላቱ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው ያኔ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኪያ ያለ ማበጠሪያ አይታይም። ካፌ ሲመጣ የግራ እጅጌው ሥር አንድ ደረቅ ነገር ተወጥሮ ይታያል፤ ስኒ ሲያነሣ አንጓው አይታጠፍም። ምንድነው ሲባል ሥራ ነው ይላል። በየምሽቱ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ወለሉ ላይ የወደቀውን ጸጉር ወደ አንድ ኳስ ይጠቀልልና በመጥረጊያው እንጨት ወደ በሩ ይመታዋል፤ አንዷ የጸጉር ኳስ መንገዱን ተሻግራ ሉካንዳው ውስጥ እንደገባችና ሚዛን ላይ እንዳረፈች የሚናገሩ አሉ። መጀመሪያ አካባቢ አይበሉባው የተበላ በቆሎ ይመስል ነበር። እያደር ንክሻው ቀነሰ።

ዋጋ አልተከፈለም ማለት ግን አይደለም። እጁ መጨለፉን ሲተው ሱቁም ውስጥ ተወው። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ከጆሮው በላይ ደረጃ አበቀለ፤ ፎቅ የሚወጣበት ይመስላል። የአንድ ሙሽራ ጸጉር ሲበላሽ ሚስቱ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አንድ እጅ ሁለት ጠባይ መልመድ እንዳለበት፣ ራስ ላይ ይጨልፍ፣ ሣር ላይ ይላጭ፤ ይህን ካልቻለ እሷ ራሷ ቆርቆሮውን እንደምትሰቅለው ነገረችው። ሙሽራውን ራሷ አስተካከለችው። ማንኪያም ቀን ቀን እየጨለፈ፣ ሲመሽ እየላጨ ሁለቱን መለየት ቻለ።

የዋንጫው ቀን ሰፈሩ ሱቁን ዘግቶ ሜዳው ላይ ተገኘ። ቆርቆሮው ማንኪያ በጋሪ ተጭኖ መጥቷል፤ ባለሉካንዳው ከሜዳው ቀጥታ ወደ ጸጉር ቤቱ ሊወስደው ነው፣ መሰላል ሳይቀር አዘጋጅቷል። አማቱ የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጥተው ኩሬዋ ዳር ተቀምጠዋል።

ገና ሳይጀመር ባለሉካንዳው የማንኪያን እጅጌ አየና እጁን አነሣ። ከእጅጌው ሥር ያለው ነገር ምንድነው፣ ይውጣ አለ። አሠልጣኙ ያን ቀን ዳኛም ነበር፤ ጠይቆ ካየ በኋላ ልምምድ ላይ ይቻላል፣ ውድድር ላይ ግን አይቻልም ብሎ ፈረደ። ማንኪያ ማበጠሪያውን መዝዞ ለሚስቱ ሰጣት። እጁ ራቁቱን የቀረ መሰለው።

ጨዋታው እንዴት እንደሄደ በዝርዝር አልተርክም፤ ባለሉካንዳው ከፈለጠ ማንኪያ ይላጫል፣ ማንኪያ አንድ ጊዜ ረስቶ ከጨለፈ ባለሉካንዳው ሪዙን ያሾላል። ሲተላለፉ ሲገናኙ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ እኩል ሆነው ደረሱ። አሁን ያቺ ኩሬ ነበረች። ባለሉካንዳው ቀድሞ መታ። እንደ አጥንት ከፈላት፤ ኳሷ ኩሬዋን ተሻግራ ለስላሳው ሣር ላይ ወደቀች፣ ከባንዲራው ራቅ ብላ ቢሆንም በደረቅ መሬት ላይ። መሰላሉን አምጡ አለ።

ማንኪያ ኳሷ ጋ ሄዶ ቆመ። ሣሩ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል፤ ኳሷ መሬቱ ላይ ልጥፍ ብላ ተኝታለች። ሆዱ ባባ። እጁ ውስጥ ያ የድሮ ነገር ተነሣና አንሣት፣ አንሣት ይለው ጀመር። ቀና ሲል በኩሬዋ ማዶ አማቱን አያቸው። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አጋደሙ፣ ኮሌታቸውን በጣታቸው ገለጥ አደረጉ፣ አንገታቸውን አሳዩትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሕዝቡ ሽማግሌው ፀሐይ የመታቸው መስሎት ነበር። ማንኪያ ግን ገባው።

ዱላውን አነሣ። ሲመለስ ግራ እጁ ቀደመ፣ አይበሉባው ወደ ባንዲራው አየ፣ ቀኙ ተከተለው፤ አንጓው የያዘውን እንደያዘ በኳሷ ላይ አለፈ። ጠቅ የሚል አጭር ድምፅ ተሰማ፤ በሜዳው ዕድሜ ከማንኪያ ዱላ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ከኳሷ ወዲህ ሳይሆን ከኳሷ ወዲያ መዳፍ የሚያህል ሣር ተቆርጦ በረረ። ኳሷ ዝቅ ብላ ተነሣች፣ ኩሬዋ ላይ ስትደርስ ከፍ አለች፣ ማንም ሳያነሣት። እጆቹ ካለፉ በኋላ ዱላው ትከሻው ላይ ዞሮ አረፈ፣ ልክ አረፋውን ፎጣ ላይ እንደሚጠርግ። ኳሷ ወርዳ አንዴ ነጠረች፣ ትንሽ አሰበች፣ ባንዲራው ሥር ተቀመጠች።

ሰው ሁሉ ገና ኩሬዋን እያየ ነበር፣ ከልማድ። ከዚያ ሜዳው ፈነዳ። የመኪና እጥበት ሠራተኞቹ ባልዲ እየደበደቡ አጥሩን ዘለሉ። ሚስቱ ማበጠሪያውን እንደ ባንዲራ እያውለበለበች በኩሬዋ ዳር ስትሮጥ አንድ ጫማዋ ውኃ ውስጥ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። አማቱ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ሕዝቡን አስቆሙ፤ ጨዋታው አላለቀምና። ባለሉካንዳው ከሩቅ የገፋት ኳስ ጉድጓዱን አልፋ ሄደች። ማንኪያ ባንዲራው ሥር ያለችውን በቀስታ ነካት፣ ገባች። አማቱ መዳፋቸውን አወረዱ።

ቆርቆሮው በመጣበት ጋሪ ተመለሰ፤ ግን ወደ ሉካንዳው አልገባም። የማንኪያ ሚስት ተረከበችውና ከጸጉር ቤቱ ጣሪያ ጥግ ላይ የዝናብ ውኃ መቀበያ አደረገችው። ሲዘንብ ማንኪያው ሞልቶ ባልዲ ውስጥ ያፈሳል፤ የሴቶቹ ጸጉር በዝናብ ውኃ እየታጠበ እንዲህ ለስልሶ አያውቅም። ቀዩ መቀስ ከበሩ በላይ ነው፤ ማንኪያ ወጥቶ ቀለሙን አድሶታል።

ባለሉካንዳው ግን ወደ ወንበሩ አልመጣ አለ። ዛሬ ሥጋ ይመጣል፣ ነገ ሚዛን ይስተካከላል፣ ከነገ ወዲያ ሪዙ ጉንፋን ይዞታል። ብረቱ የገባው በዚህ መሐል ነው። ሰው ያሸነፈኝ እንዳይመስላችሁ፣ ብረት ነው ያሸነፈኝ፤ ማበጠሪያው ሽፋን ነው፣ እውነተኛው ከቆዳው ሥር አለ ማለት ጀመረ። ሕዝቡም ኩሬው ዳር በዓይኑ ያየውን ትቶ ከቆዳ ሥር ያለውን አመነ። ጸጉር ቤቱ በጎብኚ ተሞላ፤ ሳይስተካከሉ አንጓውን ነክተው የሚሄዱ መጡ፣ አንዷ እናት የልጇን ጥርስ እንዲነካላት ለመነችው። ሚስቱ ተወው፣ ብረት ይሁን፣ ደንበኛ አመጣልን አለችው። ማንኪያ ዝም አለ። ዝም ማለቱም ለወሬው ማስረጃ ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ አማቱ ሉካንዳው በር ላይ ቆሙና መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከዚያም በሌላኛው እጃቸው ወደ ጸጉር ቤቱ አሳዩ። ባለሉካንዳው መንገዱን ተሻገረ። ካፌው በረንዳ ባዶ ቀረ፤ ሁላችንም ጸጉር ቤቱ ውስጥና መስኮቱ ላይ ተለጠፍን። ሴቶቹ መጋረጃውን ከነዘንጉ አወረዱት።

ማንኪያ አረፋውን ቀባው፣ ምላጩን ሳለ፣ ግራ እጁን አስቀድሞ የላይኛውን ከንፈር ወጠረ። የቀኙ ሪዝ በአንድ ጊዜ ሄደ፤ ፎጣው ላይ ሲያርፍ አንድ ትንሽ እንስሳ የተኛ መሰለ። ባለሉካንዳው በመስተዋቱ ግማሽ ፊቱን አየና የማንኪያን እጅ ያዘ።

«አንተ ወንድሜ፣ አንዱ ሄዷል፣ ሌላውም ይሄዳል፤ ቃሌን አላጥፍም። ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እውነቱን ንገረኝና ይለይልኝ» አለው። «ብረት ነው፣ አይደል?»

ሚስማር ሻጩ አንገቱን አሰገገ። የማንኪያ ሚስት በዓይኗ ተወው አለችው።

ማንኪያ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ከንፈሩን መልሶ ወጠረ።

«ብረት የለም» አለው። «ብሎን የለም፣ ዘንግ የለም፣ ሐኪም የለም። ከብስክሌት አልወደቅኩም፣ ብስክሌትም የለኝም። ባንክ ቤት ስገባ የሚጮህ ነገር የለም፤ ሚስማርም ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። ያሸነፈህ እጅ ነው፤ ሥጋና አጥንት፣ አንተ በየቀኑ የምትሸጠው። አሁን አትናገር፣ ግራውን ልላጭ ነው።»